የናይሮቢው ማስታወሻ ሦስት ፈራሚዎች

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1968 በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይፍረስ የሚል አጭር ማስታወሻ ቀረበ። የፈረሙት ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ሄንሪ ኦዎር አንዩምባ ናቸው። አሽክሮፍት፣ ግሪፊትስና ቲፊን እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የድኅረ ቅኝ ግዛት ጽሑፎች መድበል ውስጥ ግን የቀረበው በንጉጊ ስም ብቻ ነው። የአዘጋጆች ግድየለሽነት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችል ነበር። እኔ አላልፈውም። ከሦስቱ ሁለቱ ሲረሱ ከማስታወሻው ዋነኛው ክፍል አብሮ ተረስቷልና።

ሥነ ጽሑፍ በቅኝ ገዥዎች ትምህርት ቤት ምን ሥራ ይሠራ እንደነበር ጋውሪ ቪስዋናታን በሕንድ አስረጅነት እ.ኤ.አ. በ1989 በሚገባ አሳይታለች፤ የምጨምረው የለኝም። ጠቤ ከአፖሎ አሞኮ ጋር ነው። አሞኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መጽሐፍ ማስታወሻው ያስነሣው የናይሮቢው አብዮት የስሙን ያህል ሥር ነቀል አልነበረም ይላል። ሙግቱ፣ እኔ እንደማነበው፣ ሁለት ክንድ አለው። የመጀመሪያው፦ የድሮው ትምህርት ክፍል ሥነ ጽሑፍ የአንድ ሕዝብ መንፈስ ማደሪያ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ ለውጥ ፈላጊዎቹም እምነቱን ሳይነኩ እንግሊዝን አንሥተው አፍሪካን አስቀመጡ። ሁለተኛው፦ በዩኒቨርሲቲ የሚነበብ ሥነ ጽሑፍ በሩን ያለፉት ጥቂቶች ሀብት ነውና ብሔራዊ ባህል ነኝ ማለት አይችልም።

የመጀመሪያውን እቀበላለሁ። ማስታወሻው ስለ ሕዝብ መንፈስ የሚናገረው ነገር ከእንግሊዛዊው ሐያሲ ከማቲው አርኖልድ ቤት የወጣ ነው ቢባል ለመካድ ያስቸግራል። ሁለተኛው ግን የሚያስኬደው ማስታወሻውን እንደ መጻሕፍት ዝርዝር ስናነበው ብቻ ነው፤ ሼክስፒር ይውጣ፣ አቼቤ ይግባ እንደ ማለት። ስለ ሥነ ቃል የተጻፈውን ክፍል ቀረብ ብለን እንየው። ሥነ ቃል አልሞተም፣ ዛሬም በሕይወት አለ ይላል። ጥናቱ በአንድ የሙያ ዘርፍ ስለማይወሰን ሙዚቃን፣ ሥነ ልሳንን፣ ሶሲዮሎጂን፣ አንትሮፖሎጂን፣ ታሪክን፣ ሥነ ልቡናን፣ ሃይማኖትንና ፍልስፍናን ይጠራል። ተማሪውም በለመዳቸው የአጻጻፍ ዓይነቶች ሳይታጠር አዲስ ቅርጽ ለመሞከር ይደፍራል። ይህን ሁሉ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ መሥራት አይቻልም። ተማሪው ወጥቶ የሚዘፍነውን፣ የሚተርተውን ሰው ማግኘት አለበት። ያ ሰው ደግሞ አሞኮ የሚለውን በር ያላለፈ ሰው ነው።

ይህ ክፍል የማን እጅ ነው? በጋራ በተጻፈ ሰነድ የአንዱን እጅ ከሌላው መለየት ድፍረት ይጠይቃል፤ ጥንቃቄውን ካስመዘገብሁ ዘንድ ልድፈር። ኦዎር አንዩምባ ስለ ሉዎ ሕዝብ ዘፈኖች የጻፈው ጥናት ኡሊ ባየር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ መግቢያ ውስጥ ይገኛል፤ ከማስታወሻው አንድ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ንጉጊ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ልብ ወለድ ደራሲ ነበር። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

የኋላው ታሪክም ለዚህ ንባብ ያደላል። ኬንያ ውስጥ ሥነ ቃል የትምህርት ቤት ትምህርት እስከ መሆን ደረሰ፤ ጄን ናንድዋና ኦስቲን ቡኬንያ እ.ኤ.አ. በ1983 ለትምህርት ቤቶች የሚሆን መጽሐፍ አዘጋጁለት። ለፈተና ሲባል ብዙው ወደ ሽምደዳ ወርዷል ይባል ይሆናል። በሁሉም ትምህርት ላይ የሚደርስ ነው።

ወደ እኛ ዘመን ስንመጣም፣ በኢንተርኔት ማስተማርን በተመለከተ የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ያንኑ የመጻሕፍት ዝርዝር መንገድ የተከተለ ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ላይ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በኮሮና ሲዘጉ ወደ ቴሌግራም የተሻገረው ፒዲኤፍና ስላይድ ነበር። አቼቤ ከመደርደሪያ ወደ ስልክ ወረደ እንጂ የማስተማሩ ነገር ባለበት ቀረ። ያው ስልክ ግን ድምፅ ይቀዳል። የቤት ሥራው ከየቀዬው የሦስት ደቂቃ ሙሾ አምጡ ቢሆንስ? ተማሪዋ ከቅጂው ጋር ማን እንዳወረደች፣ እነማን እንደተቀበሉ፣ ማን ሲሰማ ድምፅዋ እንደተለወጠ ጽፋ ትልካለች። ብዙ ጊዜ ደግሞ ባዶ እጇን ትመለሳለች፤ ለቅሶ ሳይኖር ሙሾ ማውረድ እንደ ሟርት የሚቆጠርበት ቤት ብዙ ነውና። እሱም ይጻፍ፤ አንድ ግጥም መቼና ለማን እንደሚባል የሚወስነው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ከየትኛውም የንድፈ ሐሳብ ምዕራፍ ይልቅ የምታስተምራት ያቺ እንቢታ ናት።

ኔትወርክ የለም ይሉኛል። የድምፅ ፋይል ከቪዲዮ ትምህርት እጅግ ያነሰ ዳታ ይበላል፤ ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ እንደሆነው ኢንተርኔቱ ጭራሽ ሲቋረጥም ቅጂው ስልኩ ውስጥ ይቆያል። ኢትዮጵያ ቅኝ አልተገዛችም፣ የድኅረ ቅኝ ግዛት ንድፈ ሐሳብ ምን ያደርግላታል የሚሉም አሉ። የማን ቃል ሥነ ጽሑፍ ይባላል የሚለው ጥያቄ የገዥ ባንዲራ አይጠብቅም።

ፈቃደ አዘዘ ከሰሜን ሸዋ ገበሬዎች የሰበሰባቸውን የረኃብ ዘመን ግጥሞች እ.ኤ.አ. በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳትሟል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ በመሆኑ አቼቤን የሚያስተምር መምህር አላገኘሁትም ማለት አይችልም። ሆኖም ልማዳችን ፎክሎር ብሎ ወደ ሌላ ኮርስ መስደድ ነው። በእኔ ሐሳብ የድኅረ ቅኝ ግዛት ኮርስ የመጀመሪያ ሳምንት ንባብ መሆን ያለበት እሱ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት የተማሪዎቹ ቅጂዎች ይደመጡ፣ ፈቃዳቸው ከሆነም ግጥም ነጋሪዎቹ በደራሲነት በስማቸው ይመዝገቡ። የናይሮቢው ማስታወሻ በሦስተኛው ይምጣ፤ ከሦስቱም ፈራሚዎች ስም ጋር።