ከግንባታ ሥፍራ የሚወርድ ደለል፤ መሐንዲሶች የገዛ ጭቃቸውን የለኩበት ዘመን

የአፈር መሸርሸር በተነሣ ቁጥር የብዙዎቻችን ጣት የሚያመለክተው ወደ ገበሬው ማሳ ነው። ማረሻው፣ የተመነጠረው ደንና የበዛው ከብት በየስብሰባው ይወቀሳሉ። መሐንዲሱ በዚህ ክስ ውስጥ ስሙ አይነሣም፤ እንዲያውም ግድብ ለመንደፍና እርከን ለማስሠራት እንደሚጠራ ሐኪም ይቆጠራል። እርሱ ራሱ የበሽታው አንድ ምክንያት መሆኑ በጉልህ በቁጥር ከተመሰከረባቸው ሥፍራዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የዋሽንግተንና የባልቲሞር ከተሞች ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂኒያ እርሻና ጫካ ተስፋፉ። ዋሽንግተንን የሚከበው አውራ ጎዳና በ1964 ተፈጸመ። ቡልዶዘሩ ዛፉንና ሣሩን ባንድ ጊዜ ጠርጎ ያነሣል፤ መሬቱ ግን ቤቱ ወይም መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ብዙ ወራት ራቁቱን ይቆያል። የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ከ1961 እስከ 1964 ድረስ በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ስኮት ራን በሚባል አነስተኛ ወንዝ የሚወርደውን ደለል ለካ። በዛሬው ጊዜ ወንዙ የሚያልፈው የታይሰንስ ፎቆች በቆሙበት ሠፈር ነው። በ1969 የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ መንገድ ከሚሠራበት መሬት የሚወርደው ደለል ከእርሻ መሬት ከሚጠበቀው 10 እጥፍ፣ ከሣር መሬት 200 እጥፍ፣ ከደን ደግሞ 2,000 እጥፍ ያህል ነበር። የመንገድ ሥራው የያዘው የተፋሰሱን ጥቂት ክፍል ብቻ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ደለል 85 በመቶ የመነጨው ከዚያው ነው።

በዚያው ዘመን በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጎርደን ዎልማን (የመጠጥ ውኃ በክሎሪን የሚታከምበትን ዘዴ ካደላደሉት መሐንዲስ ከአቤል ዎልማን የተወለዱ ናቸው) በ1967 ነገሩን በዘመናት ቅደም ተከተል አስቀመጡት። ደን በነበረበት ጊዜ ከአንድ ካሬ ማይል በዓመት የሚወርደው ደለል ከ100 ቶን ያነሰ ነበር፤ በእርሻ ዘመን በመቶዎች የሚቆጠር ሆነ፤ በግንባታ ጊዜ በአንዳንድ ሥፍራ ከ100,000 ቶን በላይ ደረሰ። ይህ በእኛ መለኪያ በሄክታር 350 ቶን ገደማ መሆኑ ነው። ከተማው ተሠርቶ ሲያልቅ አፈሩ በአስፋልትና በሣር ስለሚሸፈን ደለሉ እንደገና ይቀንሳል። ስለዚህ ጥፋቱ የሚደርሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ባለሙያው ሳያየው የቆየው። ሥራው ሲመረቅ ጭቃው ሄዷል፤ የሄደው ግን ወደ ታች ሰዎች ወንዝና ኩሬ ነው። እዚያም ብርሃን ይጋርዳል፣ የዓሣ እንቁላል ይቀብራል፣ በሸክላው ቅንጣት ላይ የተጣበቀውን ፎስፎረስ ያራግፋል።

ሕጉም ልኬቱን ተከተለ። የሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1965 የደለል መቆጣጠሪያ ደንብ ማስኬድ ጀመረ፤ በ1970 ግዛቱ በሙሉ ሕግ አወጣ። በዚህ ሕግ የግንባታውን የደለል መቆጣጠሪያ ፕላን መርምሮ የማጽደቁ ሥልጣን የተሰጠው፣ ቀድሞ ገበሬዎችን ለመርዳት ለተቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ወረዳዎች ነው። መሐንዲሱ ፕላኑን ተሸክሞ ወደ ገበሬው መሥሪያ ቤት ሄደ ማለት ነው። በፌዴራል ደረጃ የ1972ቱ የንጹሕ ውኃ ሕግ በ1987 ተሻሽሎ የዝናብ ጎርፍን በግልጽ ጨመረ፤ በ1990 በወጣው ደንብ 5 ኤከር (2 ሄክታር ያህል) እና ከዚያ በላይ የሚቆፍር ፈቃድ እንዲያወጣ ተገደደ፤ ከ2003 ጀምሮ ወሰኑ ወደ 1 ኤከር ወረደ።

ስለ ዘዴው አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሥራ ተቋራጭ የሚቀናው ከታች በኩል የጨርቅ አጥር መትከልና የደለል ማቆያ ኩሬ መቆፈር ነው። ኩሬው አሸዋን ይይዛል፤ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ቅንጣት አንድ ሜትር ለመውረድ 2 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 0.002 ሚሊሜትር የሆነው የሸክላ ቅንጣት ግን፣ በስቶክስ ሕግ ሲሰላ፣ በረጋ ውኃ ውስጥ እንኳ ከ3 ቀን በላይ ይፈጃል። ስለዚህ አፈሩን ከተነሣ በኋላ ከማሳደድ ይልቅ እንዳይነሣ ማድረጉ ይሻላል። ዊሽማየርና ስሚዝ በ1965 ለእርሻ ያሳተሙት የአፈር መጥፋት ቀመርም ይህንኑ ያሳያል፤ ዝናቡን ልንለውጠው አንችልም፣ የሽፋኑ አኃዝ ግን በራቁት መሬት 1 የነበረው በጭድ ወይም በሣር በሚገባ ሲሸፈን ከአንድ አሥረኛ በታች ሊወርድ ይችላል።

ይህን ቀመር ሁርኒ በ1985 ለኢትዮጵያ አስማምተውታል፤ ከእርሻ መሬታችን በየዓመቱ በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ የገመቱትም እኚሁ ባለሙያ ናቸው። ከዎልማን 350 ቶን ጋር ማነጻጸሩ ሸካራ ነው፤ አንዱ ከማሳ የሚነሣውን፣ ሌላው ወንዝ የሚደርሰውን ይቆጥራልና። ቢሆንም በእኩል ስፋት ማን የበለጠ እንደሚያጠፋ ለማየት ይበቃል። የአዲስ አበባ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ብዙው መሠረት የሚቆፈረው ደግሞ በጥቁር ዋልካ አፈር ላይ ነው፤ ይኸውም ኩሬ የማይዘው አፈር ነው።

እኔም በሠራሁበት አንድ ሥፍራ በግንቦት የተቆፈረውን ዋልካ በመንገዱ ቦይ አፋፍ ላይ አስቆልለን ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግማሹ ሄደ፤ የቀረው ቦዩን ደፍኖት ውኃው ከበታቻችን ወዳሉት ጎረቤቶች ግቢ ገባ። ጭቃውን በመስከረም በአካፋ አወጣነው፤ ለዚህ ሥራ በውሉ የዋጋ ዝርዝር ውስጥ አንድም መሥመር አልተያዘም ነበር።