መንገደኞች ስለ አንኮበር የጻፉት ነገር

ከመዘዞ ደጋ ወደ ደቡብ የሚወርደው የሸዋ ተራራ ሰንሰለት ምሥራቁን የአፋርን ቈላ እየተመለከተ ይሄዳል። አንኮበርም በዚሁ ተራራ አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟ አንኮ ከምትባል የኦሮሞ ባላባት ሴት እንደ ወጣ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1813 እስከ 1847 ድረስ፤ የመንግሥታቸው ዋና ከተማ ስለ ነበረች ከሩቅ አገር የመጡ ብዙ መንገደኞች አይተዋት ጽፈውላታል።

ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍና ፈረንሣዊው ሮሼ ዴሪኩር በ1839 መጡ። እንግሊዛዊው መኰንን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሀሪስ ከሕንድ የእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ በ1841 ደረሰ፤ በዚያውም ዓመት በኅዳር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በ1842 ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ተከተለ።

መንገዳቸው ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ባለው በአሳል ሐይቅ አጠገብ ያልፋል፤ ከዚያም በረሓውን አቋርጦና አዋሽን ተሻግሮ ወደ ደጋው ይወጣል። በውሃ ጥምና በሐሩር ሲንገላታ የሰነበተ ሰው በድንገት ጉሙንና ብርዱን፤ የገብሱን እርሻና የጽዱን ዛፍ ባየ ጊዜ አገሪቱን እንደ ገነት ቢያደንቃት የሚያስገርም አይደለም። እንግዲህ የምስጋናው እኩሌታ ለከተማይቱ ሲሆን፤ እኩሌታው ግን ከበረሓው ስለ መገላገሉ ነው።

የከተማይቱን መልክ ሲነግሩ ግን ቃላቸው ይስማማል። በኮረብታው ራስ ላይ በዙሪያው ቅጥር በቅጥር ላይ የተደረበለት ግቢ፤ ከግቢው በታችም በዛፍና በአጥር መካከል የተበተነ የሣር ክዳን ቤት እንደ ነበረ ይተርካሉ። ያለ ንጉሡ ፈቃድ እንግዳ ሊገባም ሊወጣም አይችልም ነበር። ፈቃድ ያገኘ እንግዳ ግን ከንጉሡ ቤት ድርጎ ይሰፈርለት ነበርና እንጀራውን፤ ጠጁንና ሙክቱን ሳይገዛ ይበላ ነበር።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ያዩ ሰዎች አንድ ዓይነት አልፈረዱም። ሀሪስ የመንግሥት መልእክተኛ ነበርና በ1844 ባሳተመው ሦስት ቅጽ መጽሐፍ የራሱን ተልእኮ ታላቅነት የሚያሳይ ብዙ የተጋነነ ነገር አለበት። ጆንስተን ግን በንዳድ ታሞ፤ በየዓርቡ ገበያ በሚቆምባት በአልዩ አምባ ከነጋዴዎችና ከጎረቤቶች ጋር ኖረ፤ ስለዚህ ስለ ሥራቸው፤ ስለ ምግባቸውና ስለ ገበያቸው በዝርዝር ጻፈ። የሁለቱም መጽሐፍ በአንድ ዓመት ወጣ። አንደኛውን ብቻ ያነበበ ሰው ግን እውነቱን በግማሽ ያገኛል።

ስለ ወፍጮው የተጻፈውም ምሳሌ ይሆናል። ከባልካን አገር የመጣ ዲሜትሪዮስ የሚባል አልባኒያዊ የእጅ ባለሙያ ለንጉሡ በውሃ የሚዞር ወፍጮ ሠራላቸው፤ ነገር ግን የሰይጣን ሥራ ነው ተብሎ ስለ ተነቀፈ ሥራው ቀረ። ይህን ያነበበ የውጭ አገር ሰው ሕዝቡ አዲስ ነገር ይጠላል ብሎ ይፈርዳል። ሆኖም ሮሼ ዴሪኩር የባሩድ መውቀጫ መሣሪያ ይዞ በመጣ ጊዜ ንጉሡ በደስታ ተቀብለውታል። ስለዚህ በአንድ ወሬ ብቻ በሕዝብ ላይ መፍረድ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። ዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫቸውን ወደ እንጦጦ አዛወሩ፤ በ1886ም አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ፈረንሣዊው ባለቅኔ አርቱር ሬምቦ የጦር መሣሪያ ሊሸጥ በ1887 አንኮበር በደረሰ ጊዜ ንጉሡን በዚያ ስላላገኛቸው ወደ እንጦጦ መሄድ ግድ ሆነበት።

የጥንቱ ግቢ ዛሬ የለም፤ የቀረው የመንገደኞቹ ጽሕፈት ነው። እንግዳ ሰው የአገሩ ተወላጅ ለምዶት የማያስተውለውን ነገር ያያል፤ ትርጓሜው ግን ብዙ ጊዜ ይሰወረዋል። ስለዚህ ጽሕፈታቸውን ማክበርና መመርመር፤ የቀረውንም ከአባቶች ጠይቆ መጻፍ የአገሩ ልጆች ዕዳ ነው። ራሱ ያልጻፈ ሕዝብ ታሪኩን ከእንግዳ አፍ ለመስማት ይገደዳልና።