የምጽዋ ወደብ፤ ስብራቱና ጥገናው

ወደብ ሲባል የሚሰማ ሰው ሐሳቡ ቶሎ የሚሄደው ወደ መርከቡ ነው። መርከብ ግን መጥቶ የሚሄድ እንግዳ ነው። ወደቡን ወደብ የሚያሰኙት በባሕሩ ዳር የቆመው ግንብ፥ ዕቃውን የሚያወርደው ክሬን፥ የተጎዳውን መርከብ የሚቀበለው መጠገኛና ከባሕሩ ተነሥቶ ወደ ደጋ የሚወጣው መንገድ ናቸው። እነዚህም ሁሉ ያረጃሉ። ጨው ብረቱን ይበላዋል፤ ማዕበል ግንቡን ከሥሩ ይቦረቡረዋል፤ የመሬት መናወጥና ጦርነት ደግሞ ማዕበል በመቶ ዓመት የማያደርሰውን ጉዳት በአንድ ቀን ያደርሱታል። ስለዚህ የአንድ ወደብ ታሪክ በደንብ ሲጻፍ ገሚሱ የጥገና ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነገር ምጽዋ ጥሩ ምስክር ስለ ሆነች፥ በዚህ ጽሑፍ ስለ እርሷ ጥቂት ልንናገር አሰብን። ዘመኑን ሁሉ ያኖርነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ቱርኮች በ1549 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዙ በኋላ ከተማይቱ ለብዙ ዘመን በደሴቷ ላይ ተወስና ኖረች። ቤቶቿ የተሠሩት ከባሕር ውስጥ ተፈልጦ ከሚወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ቀላልና ለመጥረብ የሚመች ነው፤ ነገር ግን ፊቱን በኖራ ካልለሰኑትና ልስኑን በየጊዜው ካላደሱት የጨው እርጥበት ውስጡ እየገባ ያፈራርሰዋል። ስለዚህ የምጽዋ ሰው ቤት ሠርቶ ማረፍ አልተቻለውም፤ ኖራው ከተረሳ ቤቱ የእርሱ መሆኑ ይቀራል። ግብፆች በ1850ዎቹ ማለቂያ ወደቡን ከቱርክ ሱልጣን ተረክበው ሲገዙ፥ ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ደሴቲቱን ከትዋለት፥ ትዋለትንም ከየብስ ጋር የሚያገናኝ መንገድ በባሕሩ ላይ በድንጋይ አስደለደሉ። ዛሬም ወደ ምጽዋ የሚገባ መንገደኛ የሚሄደው በዚሁ መሥመር ነው።

በ1876 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ፥ በእንግሊዝና በግብፅ መካከል በዐድዋ በተፈረመው ውል፥ የኢትዮጵያ ዕቃ በምጽዋ በኩል በነፃ እንዲያልፍ ተስፋ ተሰጥቶ ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላው በጥር ወር 1877 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ወደቡን ያዙት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራቸውን በአጭሩ እናልፈዋለን። የባቡር ሐዲዱ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ተራራውን እየተጠማዘዘ በ1904 ዓ.ም. አሥመራ ደረሰ። በነሐሴ ወር 1913 ዓ.ም. የመሬት መናወጥ የከተማይቱን ብዙ ክፍል ስላፈረሰው እንደ ገና ተሠራ። በ1927 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ለመውረር የሚዘጋጀው ሠራዊት ስንቅና መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲጎርፍ፥ ወደቡ ሁሉን መቀበል ተስኖት መርከቦች ተራ እየጠበቁ በባሕሩ ላይ ቆሙ። ግንቡን ያስፋፉት፥ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለውንና ዕቃን በሽቦ ላይ አንጠልጥሎ ወደ አሥመራ የሚያወጣውን ቴሌፌሪካም የሠሩት በዚህ ጭንቀት ምክንያት ነው። የጥገናውም ሆነ የማስፋፋቱ ገንዘብ የተገኘው ለንግድ ሲባል አልነበረም። ይህን አንባቢ ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የነፃ ፈረንሳይ ጦር ምጽዋን ሲይዝ ያገኘው ወደብ የተዘጋ ወደብ ነበር። አድሚራል ቦኔቲ ከተማይቱ መያዟ እንደማይቀር ባወቁ ጊዜ፥ በወደቡ ያሉት የኢጣሊያና የጀርመን መርከቦች በየመግቢያው በረድፍ ቆመው እንዲሰጥሙ አዘዙ። ክሬኖቹ ወደ ባሕር ተገለበጡ፤ በመኪና ቤቶቹ ያሉት መሣሪያዎች በመዶሻ ተሰባበሩ። ሁለቱ ተንሳፋፊ የመርከብ መጠገኛዎችም በቦምብ ተቀድደው ወደ ታች ወረዱ። ተንሳፋፊ መጠገኛ ማለት ውስጡ ክፍት የሆነ ታላቅ የብረት ገበታ ነው፤ ውሃ ሲሞሉት ዝቅ ይላል፥ መርከቡ በላዩ ይገባል፥ ውሃው በፓምፕ ሲወጣለት መርከቡን ተሸክሞ ይነሣል። በሞቃት ባሕር የሚሄድ መርከብ ሆዱ በዛጎልና በባሕር ሣር ስለሚሸፈን ፍጥነቱ ይቀንሳል፥ ነዳጁም ይባክናል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ መጠገኛ የሌለው ወደብ ለጦር መርከብ ግማሽ ወደብ ነው።

ወደቡ አንድ ዓመት ያህል በዚሁ አኳኋን ቆየ። በመጋቢት ወር 1934 ዓ.ም. ኤድዋርድ ኤልስበርግ የተባሉ አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኰንን ወደ ምጽዋ መጡ። እኒህ ሰው ከዚያ በፊት የሰጠሙ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦችን ከባሕር ወለል በማውጣት የታወቁ ነበሩ። ሲመጡ ግን የረባ መሣሪያም በቂ ሠራተኛም አልተከተላቸውም። የምጽዋም በጋ እየቀረበ ነበር፤ በዚያ ወራት የመርከብ ብረት በባዶ እጅ አይነካም፤ በዚያ ሙቀት ከባድ ሥራ ሊሠራ አይቻልም የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ የጸና ነበር።

ኤልስበርግ ከተሰባበሩት የመኪና ቤት መሣሪያዎች ጀመሩ። የተሰበረው ክፍል እንደ ገና እየቀለጠና እየተቀረጸ መኪናዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ፤ በዚህም ሥራ የተማረኩ ኢጣሊያኖች ሳይቀሩ ተካፈሉ። ከዚያ በኋላ ማንም ይወጣል ብሎ ወዳልጠበቀው ወደ ትልቁ መጠገኛ ዞሩ። የተለመደው ዘዴ ጠላቂ ልኮ ቀዳዳውን ሁሉ ከደፈኑ በኋላ ውሃውን በፓምፕ ማውጣት ነው። ቦምቡ በየክፍሉ ግርጌ የከፈተው ቀዳዳ ግን በዚህ መንገድ ቢደፈን ወራት የሚፈጅ ነበር። እርሳቸው ቀዳዳውን እንዳለ ተዉት። የላይኛውን ወገን ብቻ አየር እንዳያስወጣ አስደፍነው የታመቀ አየር በቱቦ አስገቡበት። አየሩ ከላይ ሲጫን ውሃው ቦምቡ በቀደደው በዚያው ቀዳዳ ወደ ታች እየተገፋ ወጣ፤ ገበታውም በግንቦት ወር 1934 ዓ.ም. በዘጠኝ ቀን ሥራ ከባሕሩ ፊት ታየ። አጥፊው ለጥፋት የከፈተው ቀዳዳ የማዳኛ በር መሆኑ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀን ነገር ነው።

በዚያው ወራት ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ተጎትቶ የመጣ ሌላ ተንሳፋፊ መጠገኛም ሥራ ጀምሮ ነበር። የሮሜል ጦር ወደ እስክንድርያ ሲገሠግሥ፥ በምሥራቃዊው ሜዲትራንያን ትልልቅ መርከቦችን የሚጠግነው የእስክንድርያ ወደብ አደጋ ላይ ወደቀ፤ ትናንት የተናቀችው ምጽዋ በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነች። ዲዶ የምትባለው የእንግሊዝ ክሩዘር ስትመጣ ክብደቷ ከመጠገኛው ኃይል በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ግማሿ ብቻ እንዲነሣ፥ ግማሿ በባሕሩ ላይ እንደ ተንሳፈፈ እንዲቀር ተደርጎ ተጠገነች። ኤልስበርግ በ1935 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተዛወሩ፤ ታሪኩንም በኋላ «በቀይ ባሕር ፀሐይ ሥር» በሚል መጽሐፍ ጻፉት። በገበታው ሥር በሚያቃጥለው ብረት መካከል ዛጎሉን የፋቁትና ቀለሙን የቀቡት ኤርትራውያን ሠራተኞች ግን ታሪካቸውን በራሳቸው ብዕር አላስቀሩልንም። የወደብ ታሪክ ጸሐፊ ለሚሆን የኛ ተማሪ ይህ የሚሞላ ባዶ ስፍራ ነው።

እንግዲህ አስቀድመን ልብ ይባል ያልነው ነገር ደረሰ። ምጽዋ በእሳት ጊዜ በወራት የዳነችው ፈላጊ ስለ ነበራት ነው። ጦርነቱ አልቆ ፈላጊዋ ሲሄድ የተጠገነው መፍረስ ጀመረ፤ ይህ ጊዜ ግን አፍራሹ ጨው ወይም ቦምብ አልነበረም። አገሩን በወታደር አስተዳደር የያዙት እንግሊዞች የቀድሞው የኢጣሊያ መንግሥት ንብረት የጦር ምርኮ ነው በማለት፥ ቴሌፌሪካውን ነቅለው በወደቡ የነበሩትን ሕንፃዎችና መሣሪያዎች እያፈረሱ ሸጡ። የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት በፌዴሬሽኑ ዓመት ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የኢትዮጵያን ወደቦች ስለ ምን እናፈርሳለን ብለው የገዛ አገራቸውን መንግሥት ጠየቁ። ክርክሩ በሕግ በኩል ብዙ ሊባልበት ይችላል። በእኛ አስተያየት ግን ሕጉ ምንም ቢል፥ ነገ ሌላ ሰው የሚኖርበትን ቤት ጣሪያ ዛሬ ነቅሎ መሸጥ መልካም አስተዳደር አያሰኝም።

በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ የተረከብነው እንዲህ የተራቆተውን ወደብ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በምጽዋ ተቋቋመ፥ የኖርዌይ መኰንኖችም አስተማሪዎች ሆነው መጡ። ትልቁ የንግድ ጭነት ግን ቀስ በቀስ ወደ ዐሰብ አዘነበለ፤ ለአዲስ አበባ በመኪና መንገድ የምትመቸው እርሷ ነበረችና። ምጽዋ በ1982 ዓ.ም. በየካቲት ወር በተደረገው ከባድ ውጊያ በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ፥ በውጊያውና ከዚያም በኋላ በተከተለው የአውሮፕላን ድብደባ አሮጌዎቹ የኮራል ቤቶች ከነዋሪዎቻቸው ጋር ተጎዱ። ይህ ጉዳት ከባዕድ የመጣ አለመሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከኢጣሊያኖቹ ጥፋት ይልቅ ለመናገር የሚከብደንም ስለዚህ ነው።

ኤርትራ ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ ጥገናው ከባቡሩ ሐዲድ ተጀመረ። ሐዲዱ በጦርነቱ ዘመን ተነቅሎ ለምሽግ መሥሪያ ውሎ ነበር። ጡረታ የወጡ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፥ ብረቱን ከየምሽጉ እየለቀሙ መሥመሩን በ1995 ዓ.ም. እንደ ገና አሥመራ አደረሱት። ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ሥራ በመጽሐፍ ስላልተጻፈ፥ አሥር ዓመት ዘግይተው ቢጠሩ ኖሮ ከእነርሱ ጋር ይቀበር ነበር ብለን እንገምታለን። በ1990 ዓ.ም. ገደማም የምጽዋንና የዐሰብን ወደቦች ለማደስ ከዓለም ባንክ ብድር ተፈቀደ። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በሁለቱ አገሮች መካከል ጦርነት ተነሣ። የኢትዮጵያ ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የዐሰብ ግንብ ሳይፈርስ፥ ክሬኑም ሳይወድቅ ወደቡ ጸጥ አለ፤ ቀድሞ ሌሊትና ቀን መኪና ሲጭኑ የኖሩት የወደብ ሠራተኞችም ሥራ ፈቱ። በ1934 ዓ.ም. ፈላጊ መጥቶ የሰጠመውን ገበታ አስነሣ፤ በ1990 ዓ.ም. ፈላጊ ቀርቶ የቆመው ግንብ ባዶውን ቀረ።

በትዋለት ደሴት በባሕሩ ዳር፥ በሙንዚንገር ዘመን ተሠርቶ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የክረምት ማረፊያ የነበረው ቤተ መንግሥት ይገኛል። በ1982ቱ ውጊያ ጉልላቱ ተመትቶ ተሰነጠቀ። ከዚያ ወዲህ በዙሪያው የመጋዘኖችና የመንገድ ጥገና ሲሠራ ጉልላቱ እንደ ተሰበረ ተትቶ ቆየ፤ ከበታቹም የኮራሉ ግድግዳ ኖራውን አራግፎ ለባሕሩ ነፋስ ተገልጦ ይታያል።