ያለ ኦርጋን የቆመው ዝማሬ፦ ሜሪ አሉኤል ጋራንግ እና የቦር ዲንካ መዝሙራት

በደቡብ ሱዳን ኤጲስኮፓል ቤተ ክርስቲያን በዲንካ ቋንቋ ከሚዘመሩት መዝሙራት መካከል በስፋት የታወቁ በርካታ ድርሰቶች የአንዲት ሴት ናቸው። ሜሪ አሉኤል ጋራንግ ይባላሉ፤ የቦር ዲንካ ተወላጅ ናቸው። ድርሰቶቻቸው መሰማት የጀመሩት ሁለተኛው የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት በተቀጣጠለባቸው የ1980ዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ ከቦር ገጠር ተነሥተው ከስደተኛው ጋር ኢትዮጵያ ገብተዋል፤ ከዚያም ኬንያ ተሻግረዋል፤ በመጨረሻ ጁባ ደርሰዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን በተወለደችበት እንግሊዝ የዝማሬው መሪ ብዙውን ጊዜ ኦርጋን ተጫዋቹ ነው። ኖታ ያነባል፣ መዘምራኑን ያሠለጥናል፣ የዕለቱን መዝሙር ይመርጣል፤ ሥልጣኑም ከመሣሪያው ጋር የተያያዘ ነው። በነጭ ዓባይ ዳርቻ ግን እንዲህ ያለ መንበር ሥር አልሰደደም። የቧንቧ ኦርጋን ከእንጨት፣ ከቆዳና ከብረት የሚሠራ፣ ሙቀትና እርጥበት ቃናውን የሚያዛባው፣ ምስጥም የማይምረው ዕቃ ነው። በቦር ዝማሬውን የመምራት ሥራ የወደቀው በከበሮ መቺዎች፣ በወጣቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃልና ዜማን በልባቸው በያዙ ሴቶች ላይ ነበር።

ከማሌክ የጀመረው

የእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር መልእክተኞች ከቦር ከተማ አቅራቢያ ወደምትገኘው ማሌክ የደረሱት በ1905 መጨረሻና በ1906 መጀመሪያ ግድም ነው። ከእነርሱ መካከል ረጅም ጊዜ የቆየው አርቺባልድ ሾው ነበር። በወቅቱ የእንግሊዝና የግብፅ ጥምር አስተዳደር ደቡቡን ለልዩ ልዩ የሚሲዮን ድርጅቶች ከፋፍሎ ይሰጥ ስለነበር፣ ካቶሊኮቹ በባሕር ኤል ጋዛል፣ አሜሪካውያኑ ፕሬስባይቴሪያኖች በሶባት ወንዝ ዙሪያ፣ አንግሊካኖቹ ደግሞ በቦርና ከዚያ በስተ ደቡብ ተሰማሩ።

ሚሲዮናውያኑ እንደ ብዙዎቹ ባልደረቦቻቸው የእንግሊዝኛ መዝሙራትን ወደ ዲንካ ተርጉመው ከነዜማቸው አስተማሩ። ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። አማርኛ ተናጋሪ ሰው «ገና» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ በዓሉን፣ ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን እንደሚያመለክት ያውቃል። በአማርኛ የሚጠብቀውና የሚላላው ተነባቢው ሲሆን፣ በዲንካ ደግሞ አናባቢው በሦስት ደረጃ ይረዝማል ወይም ያጥራል። የድምፁ ከፍታና ዝቅታ፣ የትንፋሹም ዓይነት እንዲሁ ትርጉም ይለያል። ነጠላና ብዙ ቁጥርን የሚለየው ጭማሪ ቅጥያ ሳይሆን በአንዲት ክፍለ ቃል ውስጥ የሚደረግ እንዲህ ያለ ለውጥ ሊሆን ይችላል። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ ሶአስ ተመራማሪዎች የዲንካን ንግግርና ዘፈን ለዓመታት አጥንተዋል። በአገሬው ዘፈን ውስጥ ረጅሙ ክፍለ ቃል ረጅም፣ አጭሩም አጭር ሆኖ የመቆየት ዝንባሌ እንዳለው አስተውለዋል። የእንግሊዝ መዝሙር ግን ምቱን የተቀበለው ከእንግሊዝኛ ነው፤ ዲንካው ሲዘምረው ቃሉ ከአፉ እየተጣመመ ይወጣል።

ዲንካዎች ግን ዘፈን የቸገራቸው ሕዝብ አልነበሩም። የሕግ ምሁሩና ዲፕሎማቱ ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግ በ1973 ባሳተሙት የዲንካ ዘፈኖች ጥናት እንደገለጹት፣ ዘፈን ለዲንካው ባለቤት ያለው ንብረት ነው። አንድ ወጣት ስለ ወይፈኑ፣ ስለ ቤተሰቡ ክብር ወይም ስለ ደረሰበት በደል የሚናገር ዘፈን ሊኖረው ይገባል። ራሱ መግጠም ካልቻለ ለባለሙያ ታሪኩን ነግሮ፣ ዋጋ ከፍሎ ያስገጥማል። አንዳንዶች እየሰሙ በቃል ይይዛሉ፤ የዘፈኑ ማኅደር የእነርሱ አእምሮ ነው። የኋላ ኋላ የመጡት መዝሙራት የተሠሩት በዚሁ በከብት በረት በተገራ ልማድ ነው።

ጦርነቱና አዲሱ ድምፅ

የሱዳን መንግሥት በ1964 የውጭ አገር ሚሲዮናውያንን ከደቡቡ ሲያባርር የአካባቢው ቤተ ክርስቲያን በአገሬው ሰዎች እጅ ቀረች። በ1972 በአዲስ አበባ የተፈረመው ስምምነት የመጀመሪያውን ጦርነት ቋጭቶ የአሥራ አንድ ዓመት ዕረፍት ሰጠ። ግንቦት 1983 በቦር የሰፈረው ጦር ሲያምፅ ግን ሁለተኛው ጦርነት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ካርቱም የሸሪዓ ሕግን አወጀች። ጁባ በመንግሥት ወታደሮች እጅ ስትቀር የቦር ገጠር በአብዛኛው በአማፂው የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር ሥር ሆነ። በ1984 የተሾሙት የቦሩ ጳጳስ ናትናኤል ጋራንግ አንዪየትም ከሕዝባቸው ጋር በገጠር ቀሩ፤ ለዓመታት ከጁባ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ተቋርጦ በእግራቸው እየተጓዙ ያጠምቁ ነበር።

ሜሪ አሉኤል የዚህ ጊዜ ሰው ናቸው። በጣም የታወቀው መዝሙራቸው «ሞት እምነትን ሊገልጥ መጣ» በሚል ርእስ ይጠቀሳል። ኃይለኛ ርእስ ነው፤ በውስጡ ያለው ሐሳብ ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። የጦርነቱ ሞት ከሰማይ በታች ያለ ትርጉም የወረደ አይደለም፣ ሕዝቡ ራሱን እንዲመረምርና የቀድሞ አማልክቱን ትቶ እንዲመለስ የተሰጠ ጥሪ ነው የሚል ነው። ለውጭ አድማጭ ይህ ተጎጂውን የመውቀስ ያህል ሊመስል ይችላል፤ ጦርነቱ በአንቶኖቭ አውሮፕላንና በታንክ እንጂ በዲንካ አማልክት የተካሄደ አልነበረምና። ለዘማሪዎቹ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር። መከራው ምክንያት ካለው መጨረሻም አለው፤ መጨረሻ ያለው መከራ ደግሞ ይቻላል።

መዝሙሩን ለውጭው ዓለም ካስተዋወቁት አንዱ አሜሪካዊው ቄስ ማርክ ኒክል ናቸው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሙንድሪ በነበረው የቢሾፕ ግዊን ኮሌጅ አስተምረዋል። በ1987 በአማፂያኑ ተይዘው ለሳምንታት ከታገቱ በኋላ ተለቀቁ፤ የሚያስገርመው ግን ተመልሰው መምጣታቸው ነው። ከስደተኞች ጋር እየኖሩ መዝሙራቱን ሰበሰቡ፣ ተረጎሙ፣ በኤዲንብራ የዶክትሬት ጥናታቸውን ሠሩበት። በ2000 በካንሰር ሞቱ፤ ስለ ዲንካ ክርስትና የጻፉት መጽሐፍ የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው።

እንዲህ ያለው መዝሙር የሚዘመረው ተቀምጦ አይደለም። ከበሮ ይመታል፣ ሰልፍ ይወጣል፣ ሴቶችና ወጣቶች በእንጨት የተቀረጹ መስቀሎችን እየያዙ በምቱ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ዱሮ ወንዶች ከእጃቸው የማይለዩት የጠብ ዱላ ነበር፤ መስቀሉ የእርሱን ቦታ ወሰደ። አንዳንዶቹ መስቀሎች በተተኮሰ ጥይት ቀለሀ ያጌጡ ነበሩ። በኢትዮጵያ ሊቃውንት መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው ትዕይንቱ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ያለው በትምህርቱ ነው። የቅዱስ ያሬድን ዜማ ከነምልክቱ ለማወቅ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ የቦርን መዝሙር ግን አንድ መንደር በሳምንት ውስጥ ተምሮ ለቀጣዩ መንደር ያስተላልፈዋል። ካሴት ሲገኝ በካሴት፣ ሳይገኝ በእግረኛ ይተላለፍ ነበር።

ጋምቤላ ላይ የተገጠሙት

የዚህ ታሪክ ትልቅ ክፍል የተፈጸመው በኢትዮጵያ ምድር መሆኑን ብዙ የአማርኛ አንባቢ ላያስተውለው ይችላል። የደርግ መንግሥት ለአማፂው ጦር መሠረት በሰጠባቸው ዓመታት ኢታንግ፣ ፉኝዶና ዲማ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያንን አስጠለሉ። ኢታንግ በጊዜው በዓለም ላይ ከነበሩት ግዙፍ የስደተኞች መጠለያዎች አንዱ ነበር። ወደ ፉኝዶ ከገቡት ብዙዎቹ ያለ ወላጅ ለሳምንታት በእግራቸው የተጓዙ ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ በኋላ ዓለም «የጠፉት ልጆች» እያለ የጠራቸው።

እነዚህ ልጆች በየሰፈራቸው የጭቃና የሣር ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ የራሳቸውን መዘምራን አቋቋሙ፤ ራሳቸውም ገጠሙ። ኒክል ስለ ልጆቹ የተስፋና የእንጉርጉሮ መዝሙራት ለብቻው ጽፈዋል። የመዝሙር መጽሐፉ ለብዙዎቹ የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ ሆነ፤ በቃላቸው የሚያውቁትን መዝሙር በፊደል እየተከታተሉ ማንበብ ለመዱ። እናት አልባ ለሆነ ልጅ ደግሞ መዘምራኑ ቤተሰብም ነበሩ። በዚያው በጋምቤላ የኑዌር ፕሬስባይቴሪያን ምእመናን በቋንቋቸው የራሳቸውን መዝሙራት እያወጡ ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች ፖለቲካው ከለያያቸው በኋላ እንኳ የመዝሙር ታሪካቸው የተቀራረበ ነው።

ግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ መጠለያዎቹ ባዶ ሆኑ። ከፉኝዶ የሸሹት ጊሎ ወንዝን ሲሻገሩ በጥይት፣ በጎርፍና በአዞ ብዙዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ አማፂው ጦር ለሁለት ተከፈለ፤ ኅዳር ላይም ቦር በወገኖቿ እጅ እጅግ ከባድ ጭፍጨፋ ደረሰባት። የተረፉት በ1992 የተቋቋመው የኬንያው ካኩማ መጠለያ ሲደርሱ ብዙዎች ከልብሳቸው በቀር የያዙት ነገር አልነበረም። መዝሙራቱ ግን ሸክም ስላልነበሩ አብረው ደረሱ።

በእነዚሁ ዓመታት ብዙ ሺህ ዲንካዎች ተጠመቁ። «ጃክ» ተብለው የሚጠሩት የቀድሞ መናፍስት መስገጃ ቅርሶችም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከያሉበት ተሰብስበው በይፋ ተቃጠሉ። እዚህ ላይ መዝሙራቱ ያላቸው ድርሻ ሁለት ፊት ነው። የሚሲዮኑን ዜማ ትተው የዲንካን ቋንቋና የአዘፋፈን ጥበብ ያዳኑት እነርሱ ናቸው፤ ከአያት ቅድመ አያት የተወረሱትን ከበሮዎችና ጦሮች ወደ እሳት እንዲጥል ሕዝቡን የገፋፉትም እነርሱ ናቸው። ለአማኙ ይህ ነፃ መውጣት ነበር። የቅርስ ተመራማሪ ግን ያን አመድ ሲያስብ ማዘኑ አይቀርም።

ከወንዞች ማዶ

በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 18 ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለች ምድር፣ ስለ ረጃጅምና ለስላሳ ቆዳ ስላላቸው ሰዎች የተነገረ ቃል አለ። የደቡብ ሱዳን ክርስቲያኖች ይህን ስለ ራሳቸው የተጻፈ አድርገው ያነቡታል፤ ጦርነቱንም ነፃነቱንም በዚያ ይተረጉማሉ፤ በዝማሬና በስብከትም ደጋግመው ያነሡታል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ቦታ «ኢትዮጵያ» ይላል። ያንኑ ምዕራፍ ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው የእኔ ነው ብለው ይዘውታል ማለት ነው።

በ2005 የሰላም ስምምነት ሲፈረም ስደተኛው ወደ ጁባ ጎረፈ፤ ሐምሌ 2011 አገሪቱ ነፃ ወጣች። ከገጠርና ከመጠለያ የመጣው የከበሮ ዝማሬም ከከተማው የአምልኮ ልማድ ጋር ተገናኘ። ጁባ ውስጥ በእንግሊዝኛ፣ በጁባ አረብኛ፣ በባሪ፣ በዲንካና በሌሎችም ቋንቋዎች ይመለካል። ከኡጋንዳና ከኬንያ የመጣው በኪቦርድና በትልልቅ ድምፅ ማጉያ የታጀበ መዝሙር ወጣቱን ይስባል። ታኅሣሥ 2013 በጁባ የፈነዳው ጦርነት ደግሞ ከባድ ጥያቄ አስከተለ። ያ ጦርነት በአብዛኛው በዲንካና በኑዌር መስመር ሲሄድ የአንድ ሕዝብ ቋንቋ መዝሙር የሁሉም አገር መዝሙር ሊሆን ይችላልን? ቦር በሳምንታት ውስጥ ደጋግማ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ በቅዱስ እንድርያስ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ከተገደሉት መካከል የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሴቶች ነበሩ። የካቲት 2023 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢና የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ኢያን ግሪንሺልድስ አንድ ላይ ጁባ ገብተው በጆን ጋራንግ መካነ መቃብር ሕዝቡን ሲያስጸልዩ፣ መሪዎቹን የተማጸኑት ይህንኑ ቁስል እያነሡ ነበር።

የዲንካ መዝሙር መጽሐፍ የሚታተመው በቃል ብቻ ነው፤ ኖታም ሆነ ሌላ የዜማ ምልክት የለውም። መጽሐፉን የገዛ ሰው ቃሉን ያነብባል እንጂ የሚያዜምለት ካላገኘ አይዘምረውም። ዜማውን በልጅነቱ በፉኝዶ የተማረው ትውልድ ዛሬ ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቷል።