ሽቦው፣ ክሩ፣ ገመዱ



«ስልክ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ፍቺውም ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ በየኪሳችን የያዝነው ዕቃ ከማንም ጋር በሽቦ አልተያያዘም፤ እኛ ግን «ሽቦ ተሰረቀብኝ፣ ሽቦዬ ካርድ አለቀበት» እንደማለት እየተናገርን እንኖራለን። ዕቃው በተለወጠ ቁጥር ስሙን ያልለወጥነው ምናልባት የምንፈልግበት ጉዳይ ስላልተለወጠ ይሆናል፤ ይኸውም ከወዲያ ማዶ ያለው ሰው ደኅና መሆኑን ማወቅ ነው። እነሆ በዚህ ዙር ወረቀታችን፣ ድምፅን ከሩቅ የሚያመጡት ዕቃዎች በጅቡቲና በአገራችን መካከል እንዴት እንደ ገቡ፣ ሰውም እንዴት እንደ ተቀበላቸው የምናውቀውን ያህል ልንጽፍ ነው። ዓመቶቹን እዚህ እንደለመድነው በአውሮፓ አቆጣጠር አድርገናቸዋል።

የመጀመሪያውን ስልክ ወደ አገራችን ያመጡት በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኰንን ናቸው፤ በ1889 ከምኒልክ ተልከው ኢጣልያ ሄደው በተመለሱ ጊዜ ነው። ዐፄ ምኒልክም በግቢያቸው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው አስዘረጉት። ካህናቱ ግን ደነገጡ ይባላል፤ አካል የሌለው ድምፅ የሰይጣን ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ይህ ዕቃ ከግቢ ይውጣልን ብለው ለመኑ፤ ንጉሡም አልሰሟቸውም። ወሬው ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነገራል፤ እኛ ግን አንስቅባቸውም። ከዚያ ቀን በፊት ሰውን ሳያዩ ድምፁን መስማት የሕልም፣ የራእይ ወይም የሙት ነገር ነበር። «ማን ነው የሚናገረው? በእርግጥ እሱ ነው?» ብሎ መጠየቅ የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ዛሬም ከማናውቀው ቁጥር ሲደወልልን ልባችን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የስልክ መስመር ሥራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ። ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1917 ቆየ። የስልኩም መስመር በዋዛ አልተዘረጋም። ምሰሶውን ምስጥ በላው፤ ዝሆን ገላውን አከከበት፤ ሽቦውንም ለአምባር እየቆረጠ የሚወስድ ሰው አልጠፋም ተብሎ ይተረካል። ይህችን የአምባር ነገር እንወዳታለን። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ሁሉም የሚረባውን ለይቶ ይወስዳል፤ ለቤተ መንግሥቱ ወሬ ማመላለሻ የሆነው ሽቦ ለመንገደኛው የሚስቱ ጌጥ ነው።

ከባቡሩ ወዲህ ጅቡቲ የአገራችን የዕቃ በር ሆነች። የስፌት መኪናው፣ ሸክላ ማጫወቻው፣ የእጅ ሰዓቱ፣ ራዲዮኑ ከዚህ ወደብ እየተጫነ ወጣ። ቀረጥ የተከፈለበትም ነበር፤ በነጋዴ ሴቶች ቀሚስ ሥር ተሸሽጎ ድሬዳዋ የገባም ነበር። የከተማዋ ዋና አደባባይ ዛሬ በነጻነቷ ቀን በጁን 27 1977 ተሰይሟል፤ የቆየው ሰው ግን አሁንም ምኒልክ አደባባይ ነው የሚለው።

በ1935 አቃቂ ላይ የራዲዮ ጣቢያ ተከፈተ፤ ዓመት ሳይሞላውም ጦርነት መጣ። በሜይ 1936 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በባቡር ጅቡቲ ወርደው ከዚህ በመርከብ ተሰደዱ፤ ስለዚህ በዚህ ወደብ ስደተኛ ሲያልፍ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ስለ ራዲዮ ብዙ ማለት ይቻል ነበር። በደርግ ዘመን ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የውጭ ጣቢያ ያልሰማ ቤተ ሰብ ጥቂት ነው። ነገር ግን ራዲዮ የሚናገር እንጂ የሚሰማ ዕቃ አይደለምና እንለፈው።

ልንቆይበት የምንወደው ካሴት ነው። ካሴትን የሆላንዱ ፊሊፕስ በ1963 አወጣው። በአገራችን ሸክላው እየቀረ ካሴት የተተካው በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ ያ ዘመን የኦጋዴን ጦርነትና የአገር ውስጡ እልቂት ታላላቆቻችንን ወደዚህ ያመጣበት ዘመን ነው። በ1977 ነጻ የወጣችው ትንሽ አገር ገና ወንበሯ ሳይሞቅ በአሊ ሳቢየና በዲኪል ካምፕ ሠራችላቸው። ከተማ የቀሩትም በየካርቲየው በቆርቆሮ ቤት ተጠጉ። የያዙት ዕቃ እምብዛም አልነበረም፤ ቴፕ ግን አንድ ለአሥር ቤት አይጠፋም ነበር።

ከዚያ በፊት ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤ ግን ፊደል ያልቆጠረን ሰው በሁለት ወገን ያሳፍራል፤ እዚህ የሚጽፍለት፣ እዚያ የሚያነብለት ሦስተኛ ሰው ያስፈልገዋል። እናት ለልጇ ያላትን ምስጢር በጎረቤት ተማሪ ፊት ትናገራለች፤ ተማሪውም አሳምሮ «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብሎ ይጀምርላታል፤ እሷ ግን እንዲያ አላለችም። ካሴት ይህን ጸሐፊ አስነሣው። እናቲቱ በገዛ አፏ ተናገረች፤ ስታለቅስም ልቅሶዋ ተቀዳ።

ታላላቆቻችን እንደሚያወጉን፣ መጀመሪያ ላይ ሰው ለቴፑ መናገር አያውቅበትም ነበር። ቀዩን ቁልፍ ሲጫኑላቸው የሚጮኹ ነበሩ፤ አገሩ ሩቅ ነዋ! «ደኅና ነህ ወይ?» ብለው መልስ የሚጠብቁም ነበሩ፤ ያ የመጠበቅ ዝምታ ከነትንፋሹ ተቀድቶ ይመጣል። ከአገር የሚላከው ካሴት ደግሞ የአንድ ሰው አይደለም። በስድሳ ደቂቃው ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰልፎ ሰላምታ ያቀርባል፤ ከጀርባ ዶሮ ይጮኻል፤ ሙቀጫ ይወቀጣል፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ወይም አዛን ይሰማል። ብዙዎቹ ከንግግሩ ይልቅ ያንን የጀርባ ድምፅ ነበር ደጋግመው የሚሰሙት። የባትሪ ድንጋይ ውድ ስለሆነ ክሩን የሚመልሱት በቴፑ ሳይሆን በእርሳስ እያሽከረከሩ ነው። ድንጋዩ ሲደክም የእናት ድምፅ እየወፈረ፣ እየዘገየ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ልጆች ይስቃሉ፤ ትልልቆቹ አይስቁም። ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥተው ደግሞ ይሞክሩታል።

ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች በዚህ ከእኛ ቀድመዋል። በ1979 እና በ1980 ዴሌይ የተባለውን የባለቅኔዎች የምልልስ ግጥም አንዱ ሲጀምር ሌላው እየመለሰ፣ ካሴቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተባዛ በየአገሩ ደርሷል። ማተሚያ ቤት አላስፈለጋቸውም፤ የሚከለክላቸውም አልቻላቸውም። እኛ ይህን ወረቀት በእጅ ስንገለብጥ እነሱን ሳንቀና አንቀርም።

ካሴት የፍርሃትም ዕቃ ነበር። በመንገድ ላይ ማን እንደሚሰማው አይታወቅምና ስም አይጠራም፤ «ያ ሰውዬ»፣ «የታችኛው ቤት» ይባላል። በ1983 ጅቡቲ፣ ኢትዮጵያና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ተስማምተው ሰው ወደ አገሩ መመለስ ሲጀምር፣ በየጎጆው የነበረው ክርክር ልሂድ ወይስ ልቅር ነበር። ቀድሞ የሄደ ለቀረው ካሴት እንዲልክ ይስማማሉ። ካሴቱ በሰላምታ ከጀመረ ና ማለት ነው፤ በዘፈን ከጀመረ ባለህበት እደር ማለት ነው። ከታላላቆቻችን አንዱ የደረሰው ካሴት ሁለቱም ወገን ባዶ ነበር። ስድሳውን ደቂቃ በሙሉ ሰማው። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቀም፤ አልሄደምም።

ስለ ስልክ ቤቱ ዘመን አጭር እንናገር። ከተማ ወርዶ፣ ተራ ይዞ፣ ሰዓት እየተቆጠረ የሚነገርበት ጠባብ ክፍል ነበር። ግማሹ ገንዘብ የሚያልቀው «ሃሎ፣ ይሰማል?» በሚለው ነው። በወዲያኛው ወገን ያለው ዘመድ ቀጠሮ ተይዞለት ከገጠር ከተማ መውጣት ነበረበት፤ አንዳንዱ ሁለት ቀን በእግሩ ሄዶ ለሦስት ደቂቃ ደርሷል። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ውስጥ በ1997 ተጀመረ፤ የእጅ ስልክ በ1999። እኛ ዘንድ ሁለቱም ዘግይተው ደረሱ። ለእኛ መጀመሪያ የእጅ ስልክ ማለት ንግግር ሳይሆን ሚስኮል ነበር። አንድ ጊዜ ጠርቶ መዝጋት ደኅና ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ላክ፤ ሦስት ጊዜ ደውልልኝ። ያለ ሳንቲም ይህን ያህል መናገር ሰው ሲቸግረው የሚያመጣው ብልሃት ነው።

አሁን እንግዲህ ወደ ገመዱ እንምጣ። ኢሞና ዋትሳፕ የሚሄዱት በሰማይ ይመስለናል፤ ዋናው መንገዳቸው ግን በባሕር ወለል ላይ የተጋደመ፣ በውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስተዋት ያለበት ገመድ ነው። ከእነዚህ ገመዶች ብዙዎቹ በጅቡቲ በኩል ያልፋሉ። በ1999 እስያንና አውሮፓን የሚያገናኘው፣ በ2010 የምሥራቅ አፍሪካው ኢሲ፣ በ2021 ደግሞ ዳሬ አንድ የተባለው እዚህ ገብተዋል። አገራችንም ከዓለም ጋር ከምትገናኝባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የጅቡቲ በር ነው። ባቡሩ በሄደበት አቅጣጫ ዛሬ ብርሃን ይሄድበታል። ገመድም ይበጠሳል። በፌብሩዋሪ 2024 በቀይ ባሕር ላይ በሚሳይል የተመታች ሩቢማር የተባለች መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ሦስት ገመዶች ተቆረጡ፤ የቆረጣቸውም ይኸው መልሕቅ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል።

የሚከብደን ግን በመልሕቅ የተቆረጠው አይደለም። በኖቬምበር 2020 ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በብዙው ስፍራ ሁለት ዓመት ያህል ቆየ። በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ወራትን አስቆጠረ። በዚያን ጊዜ ከመካከላችን የነበሩት ወገኖች ስልኩን በእጃቸው ይዘው፣ ባትሪው ሙሉ፣ ካርዱ ሙሉ፣ መልእክታቸው ግን አንድ ምልክት ብቻ እያሳየ ሁለተኛው ሳይመጣ ይከርሙ ነበር። የካሴቱ ዘመን ሰው ከዚህ ይሻል ነበር ብንል አልተሳሳትንም። ካሴት ሁለት ወር ቢዘገይ ጥፋቱ የመንገዱ ነው፤ ሰው ልቡን ያሳርፋል። በየሰዓቱ ወሬ የለመደ ሰው ግን አንድ ቀን ዝም ሲባል ሞት ነው የሚታየው። ዕቃው መልእክቱን አፈጠነው፤ መጠበቅን ግን አከበደው።

ሌላም ክፉ ነገር አመጣ። ከኦቦክ ወደ የመን በጀልባ የተሻገሩ ልጆቻችንን የያዙ ነጋዴዎች ለወላጅ ደውለው የልጁን ጩኸት ያሰማሉ፤ ከዚያ የገንዘቡን መጠን ይናገራሉ። የምኒልክ ዘመን ካህናት በሽቦው ውስጥ የፈሩትን እነዚህ እናቶች ሰምተውታል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዕቃውን አንጠላውም። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን ያሉ አንዲት እናት ሠላሳ ዓመት ያላዩዋትን እኅታቸውን በስልክ መስኮት ሲያዩ፣ መጀመሪያ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ቀጥሎም «ዘወር አድርጊውና ቤቱን አሳዪኝ» አሉ። ግድግዳውን፣ ምድጃውን፣ በሩ አጠገብ ያለውን ዛፍ አዩ። ዛፉ ሲታይ ነው ያለቀሱት።

ማሳሰቢያ። ካሴት ክሩ ይደርቃል፤ ይህ ሙቀትም አይምረውም። የጅቡቲን ነሐሴ ከሠላሳ ጊዜ በላይ የከረመ ክር ሊላጥ ይችላል። በየሣጥናችሁ ሥር የሞቱ ሰዎች ድምፅ ያለባችሁ ሳይመሽ አምጡት፤ የሚሠራ አንድ ቴፕ አግኝተናል፤ ወደ ስልክ የሚገለብጡ ልጆችም አሉ። ከላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ላይ ፕላስተር የለጠፋችሁ አንሱት፤ በላዩ ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት። ድንጋይ የምታመጡት እናንተ ናችሁ፤ አራት፣ ትልልቁን።