ውስጣዊ ሙሉ ጽብረቃ፤ ግስ ያጣ የአንድ ስያሜ ታሪክ

እንደሚታወቀው የሳይንስ ስያሜዎች ታሪክ ዘወትር የሚተረከው ከመዝገበ ቃላት አንጻር ነው። ስያሜውን የትኛው ጉባኤ አጸደቀው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት ታተመ ተብሎ ይጠየቃል። ከታተመ በኋላ በመምህሩ አፍ ገባ ወይስ በወረቀት ላይ ቀረ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም፤ መልሱን ለማግኘት በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ማዳመጥ ያስፈልግ ነበርና። ባለፉት ዓመታት በኢንተርኔት የተሠራጩት የቪዲዮ ትምህርቶች ይህን ችግር በከፊል አቃለውታል። መምህሩ በማስተማር ላይ ሳለ የተናገረው ሁሉ፣ ከነማመንታቱና ከነእርማቱ፣ ተቀርጾ ስለሚገኝ የቃላት አጥኚ ደጋግሞ ሊያዳምጠው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ አንድ የብርሃን ጠባይ የተሰየመበትን ታሪክ ተከትለን፣ ስያሜው ከመዝገብ ወደ ንግግር ሲሸጋገር ምን እንደገጠመው እንመረምራለን።

አስቀድሞ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። ብርሃን ከውሃ ወይም ከመስታወት ወደ አየር ሲወጣ መንገዱን ይቀይራል። ለውሃው ገጽ ቀጥ ብሎ ከቆመው መስመር እየራቀ በተጋደመ መጠን፣ የሚወጣው ብርሃን ይበልጥ ወደ ገጹ ይጠጋል። ዘዌው በውሃ 49 ዲግሪ ገደማ፣ በተለመደው መስታወት 42 ዲግሪ ገደማ፣ በአልማዝ 24 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚወጣው ብርሃን ገጹን ታክኮ ይሄዳል። ከዚያ ካለፈ ጨርሶ አይወጣም፤ ሁሉም ወደ ውስጥ ይመለሳል። ይህን ለማየት ቤተ ሙከራ አያሻም። ውሃ የሞላ ብርጭቆ ከዓይን ከፍ አድርጎ ይዞ ከጎኑ ወደ ላይ ሽቅብ ቢመለከቱ፣ የውሃው ገጽ ከታች በኩል እንደ ብር መስታወት ሆኖ ይታያል። አንድ ስያሜ ይህን ያየ ሰው «አዎን፣ እንዲህ ነው» ብሎ የሚቀበለው ቢሆን ተገቢ ነው።

በሌሎች ቋንቋዎች የተደረገውን ስንመለከት፣ ሰያሚዎች ከሁለት ሥዕሎች አንዱን ሲመርጡ እናገኛቸዋለን። ዐረቡ ሊቅ ኢብን አል ሀይሠም በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በጻፈው የእይታ መጽሐፉ ብርሃን መንገዱን ሲቀይር «ኢንዒጧፍ»፣ ማለትም መታጠፍ፣ ብሎታል። ላቲኖቹ ግን መሰበርን መረጡ፤ የእንግሊዝኛውም ስያሜ ከዚሁ ወርዷል። የዛሬው ዐረብኛ ራሱ «ኢንኪሳር»፣ መሰበር፣ ይላል። ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1611 ባሳተመው የምስሪት መጽሐፉ በመስታወት ውስጥ ያለ ብርሃን ከ42 ዲግሪ በላይ ከተጋደመ ሊወጣ እንደማይችል አስተውሏል፤ የስብረቱ ትክክለኛ ሕግ በአውሮፓ በዴካርት መጽሐፍ የታተመው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1637 ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ሙያ የሚጠቅም ነገር አለ፤ ነገሩ የታወቀው ሕጉም ስያሜውም ከመጽናታቸው በፊት ነበር፣ የተገለጠውም «አይወጣም፣ ይመለሳል» በሚሉ ተራ ግሶች ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ አማርኛ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ማስተማሪያ እንዲሆን ከተወሰነበት ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ የሳይንስ ቃላት ጉዳይ የመጻሕፍት አዘጋጆች የዕለት ችግር ሆነ። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ አካዳሚ ተቋቋመ፤ ከአብዮቱ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ተብሎ በሰፊው ተደራጀ። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላትን የመተርጐሙ ሥራ ብዙ ባለሙያዎችን ለዓመታት ካደከመ በኋላ ፍሬው በ1989 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ–አማርኛ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታትሞ ወጣ። በአማርኛ በተዘጋጁ የፊዚክስ መማሪያዎች ዘንድ የተለመዱት ሁለት ቃላት፣ «ጽብረቃ» እና «ስብረት»፣ የዚህ ዘመን የሥራ መንፈስ ምስክሮች ናቸው።

«ስብረት» የተዋጣለት ቃል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በዕለት ንግግር አጥንት ሲሰበር «ስብራት» ይባላል፤ ሰያሚዎቹ አንዲት አናባቢ ብቻ ለውጠው የብርሃኑን ከአጥንቱ ለዩት። ከሁሉ በላይ ግን ግሱ ዝግጁ ነው። ብርሃኑ ይሰበራል፣ ውሃው ብርሃኑን ይሰብረዋል፣ የተሰበረው ብርሃን እንዲህ ይሄዳል። በውሃ ውስጥ የቆመ በትር ተሰብሮ ሲታይ ያየ እረኛ ሁሉ ሥዕሉን ያውቀዋል።

የ«ጽብረቃ» ዕጣ ግን ሌላ ነው። የቃሉ አቀራረጽ ከ«ድብደባ» እና ከ«ምርመራ» ጋር አንድ ነው። ይሁን እንጂ «ድብደባ» ደበደበ የሚል ሕያው ግስ አለው፤ «ምርመራ»ም መረመረ የሚል። ለ«ጽብረቃ» የሚጠበቀው «ጸበረቀ» በዕለት ንግግር አይሰማም። የሚነገረው «አንጸባረቀ» ነው፤ ከእርሱ የወጣው ስምም «ነጸብራቅ»። የ«አንጸባረቀ» ነባር ትርጉም ደግሞ መመለስ ሳይሆን ማብለጭለጭ ነው፤ ወርቁ ያንጸባርቃል ሲባል ወርቁ ራሱ ያበራል ማለት ነው እንጂ የሌላ ብርሃን ይመልሳል ማለት አይደለም። በድምፁም ቢሆን ከ«በረቀ» እና ከ«መብረቅ» አይርቅም። ግሱ ተሳቢ ወስዶ «የዘመኑን አስተሳሰብ ያንጸባርቃል» መባል የጀመረው ከእንግሊዝኛ በሚተረጕሙ ጋዜጦች ብርታት ይመስለኛል፤ ለፊዚክሱም በጎ ሳያውቁ በጎ አድርገውለታል። እንግዲህ ተማሪው «ጽብረቃ» የሚል ስም ሲሰጠው ሁለት ነገር ይጎድለዋል፤ ከስሙ ጋር የሚሄድ ግስ፣ እና የመመለስ ሥዕል።

ይህ ጉድለት ለረጅም ጊዜ ሳይታይ የቆየው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው። ተማሪው በታችኛው ክፍል በአማርኛ የተማረውን ብርሃን በላይኛው ክፍል በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል። በ1997 ዓ.ም. በሳተላይት የሚተላለፈው የቴሌቪዥን ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር ይህ ልዩነት ጐልቶ ወጣ። ሕዝቡ ከመሣሪያው ስም ተነሥቶ «ፕላዝማ» ያለው ይህ ትምህርት በደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ሲሆን፣ የክፍሉ መምህር ከፊትና ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀረው ነበር። ሥዕሉ ያማረ፣ ሙከራው የጠራ ነበር። ነገር ግን አይቆምም፤ አይመለስም። ያልገባው ተማሪ ያልገባውን ይዞ ይቀራል፤ መምህሩም በተረፈችው ደቂቃ በአማርኛ ሊያስረዳ ሲሞክር እጁ ላይ የሚያገኘው ግስ የሌለው ስም ነው።

በኢንተርኔት የሚገኘው የቪዲዮ ትምህርት ከፕላዝማው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ አውርዶ ማስቀመጥ ይቻላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የአማርኛ ማብራሪያ ያላቸው ትምህርቶች በረከቱ። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ በኩል፣ በሮብ ገበያ ያለ ተማሪም ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር አንድ መምህር ሊያዳምጥ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ፤ ምንም እንኳ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ባይሆን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ሳለ፣ ቀደም ብሎ ወርዶ በስልክ ላይ የተቀመጠው ትምህርት ብቻ ነበር የሚያገለግለው። ትምህርቱ ራሱ አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው በመስታወት ክር ውስጥ ወደ ውጭ ሳይወጣ እየተመለሰ በሚሄድ ብርሃን መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ኮላዶን እ.ኤ.አ. በ1842፣ ቲንዳልም በ1854 ብርሃን በሚፈስ ውሃ ውስጥ ታጥፎ ሲሄድ ያሳዩት እንደ ትርኢት ነበር። ቻርልስ ካኦ እና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1966 መስታወቱ ከጠራ መልእክት በሩቅ ሊያደርስ እንደሚችል ባያሳዩ ኖሮ የሮብ ገበያው ተማሪ ይህን ትምህርት ባላገኘ ነበር፤ ካኦ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። «ፋይበር» የሚለው ቃል ግን በቴሌ ሠራተኞች አማካይነት በየመንገዱ ስለገባ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ አሁን «ቃጫ» ብሎ ለመተካት መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

የእነዚህን የአማርኛ ትምህርቶች ንግግር በጽሞና ሲያዳምጡ አንድ ወጥ ጠባይ ይታያል። ስሞቹ ሁሉ እንግሊዝኛ ናቸው፤ «ላይት»፣ «ሚዲየም»፣ «ክሪቲካል አንግል»፣ «ቶታል ኢንተርናል ሪፍሌክሽን»። ተራ ነገር ሲያወሩ ግሱም «ሪፍሌክት ያደርጋል» ይሆናል። ነገሩ ወሳኝ ከሆነበት ስፍራ ሲደርሱ ግን፣ ተማሪው ካልገባው ሁሉም የሚፈርስበት ስፍራ ላይ፣ ቋንቋው ድንገት ይለወጣል፤ «እዚህ ጋ መውጣት አቃተው፣ ስለዚህ ይመለሳል»። «ጽብረቃ» የሚለውን ቃል ባዳመጥኋቸው ውስጥ አልሰማሁም። መምህራኑን ቋንቋ በማበላሸት መክሰስ ቀላል ነው፤ በመጽሔታችንም የዚህ ዓይነት ክስ ጠፍቶ አያውቅም። እኔ ግን ማስረጃው የሚያሳየው ሌላ ይመስለኛል። መምህሩ አማርኛን የተወው ስያሜው ስም ብቻ ሆኖ ስለመጣለት ነው። መዝገቡ ከእንግሊዝኛ ስም ወደ አማርኛ ስም የተሠራ ነውና፣ ስሙን በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚያንቀሳቅሰውን ግስ ከጎኑ አላስቀመጠም። ግስ በሌለበት ማብራራት አይቻልም፤ ስለዚህ መምህሩ ስሙን ከተማረበት ቋንቋ፣ ግሱን ከእናቱ ቋንቋ ይወስዳል።

የሮብ ገበያ ተወላጅ የሆነ አንድ የፊዚክስ መምህር ይህን ስነግረው ፈገግ ብሎ፣ «አንቱ ቃል ይፈልጋሉ፤ እኔ ጋ ያሉት ልጆች የሚፈልጉት ብርሃኑ የገባበትን ነው» አለኝ። በስልክ ያለውን ቪዲዮ አሳይቷቸው ሲጨርስ፣ ጨረሩ ከገጹ በላይ ሲጠፋባቸው «ወዴት ሄደ?» ብለው እንደጠየቁት ነገረኝ። ምን እንደመለሰላቸው ብጠይቀው፣ «አፋፍ ደርሶ ተመለሰ አልኋቸው» አለ። የምሥራቅ ጎጃም ሰው የዓባይን ሸለቆ አፋፍ ያውቃል፤ እስከዚያ መሄድ ይቻላል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ አገር ነው። ብርሃኑ ገጹን ታክኮ የሚሄድበትን ዘዌ ከዚህ የተሻለ የሚሥል ቃል አላገኘሁም። የተለመደው «ወሳኝ ዘዌ» የእንግሊዝኛው ጥላ ነው፤ ምን እንደሚወስን አይናገርም። «የአፋፍ ዘዌ» ግን ከመስማት ብቻ ይገባል።

ወደ ሙሉው ሐረግ እንለፍ። «ሙሉ ውስጣዊ ጽብረቃ» እየተባለ ከእንግሊዝኛው ቅደም ተከተል ጋር የሚተረጐመው፣ በአማርኛ ሁለት ትርጉም ይሰጣል። «ሙሉ» የቀረበው ለ«ውስጣዊ» ስለሆነ፣ አንባቢው «ፈጽሞ ውስጣዊ የሆነ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ሙሉ የሆነው ግን መመለሱ ነው፤ ከብርሃኑ ምንም አያመልጥም ማለት ነውና። «ውስጣዊ ሙሉ ጽብረቃ» ቢባል ይህ ጥርጣሬ ይወገዳል፤ የዚህ ጽሑፍ ርእስም በዚሁ ተጽፏል። «ፍጹም» የሚለውን አልመርጥም፤ የምግባርና የሃይማኖት መዓዛ አለውና።

«ጽብረቃ»ን ራሱን መለወጥ ይገባል ወይ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። አንዳንድ ባልደረቦች «ነጠረ»ን ያቀርባሉ፤ ኳስ ከግድግዳ ነጥራ ትመለሳለችና ሥዕሉ ሕያው ነው። ነገር ግን የነጠረ ወርቅና የተነጠረ ቅቤ ከዚሁ ድምፅ ላይ ናቸው፤ ኬሚስቶቹም «ንጥረ ነገር» ብለው ከወሰዱት ቆይተዋል። ፊዚክሱ «ንጥረት» ቢል በአንድ ደብተር ውስጥ ሁለቱ ይጋጫሉ። «ምላሽ»ም የጥያቄ መልስ ሆኖ ተይዟል። ስለዚህ በመጻሕፍት ሥር የሰደደውን «ጽብረቃ» ስሙን ትቶ ግሱን መስጠት ይቀላል፤ መዝገቡ እንደገና ሲዘጋጅ ከስሙ ሥር «ተንጸባረቀ፤ (ብርሃን) ገጽ ነክቶ ተመለሰ» ተብሎ ይግባ፤ ምሳሌውም «ብርሃኑ ከአፋፍ ዘዌ ስላለፈ አልወጣም፤ ወደ ውስጥ ተንጸባርቆ ተመለሰ» የሚል ይሁን። ለ«ስብረት»ም «ተሰበረ» እና «ሰበረ» በዚሁ መልክ ይጻፉ። የአርትዖት ክፍሉ በዚህ ከተስማማ፣ ረቂቁ ወደ ባለሙያዎች ጉባኤ ከመቅረቡ በፊት ለሁለትና ለሦስት የቪዲዮ መምህራን ተሰጥቶ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያስተምሩበት ቢደረግ መልካም ነው፤ ምላሳቸው የተሰናከለበትን ስፍራ እኛ በጽሑፍ አናገኘውም።