ሰባራ ድልድይ፦ የተሠራን ማን ይጠብቀው?

ከቢቸና ተነስቶ በጉንደ ወይን በኩል ወደ ሞጣ የሚሄድ መንገደኛ የዓባይ ሸለቆ በስተቀኙ ይከተለዋል። ሞጣ አካባቢ ከሸለቆው ማዶ ደቡብ ጎንደር ነው። ሁለቱን አገር ያገናኝ የነበረው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ በሞጣ በኩል ይገኛል። ሕዝቡ የሚጠራው በጉዳቱ ነው፦ ሰባራ ድልድይ።

የተሠራው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን ነው። ከ250 ዓመት በላይ ነጋዴውንም ጭነቱንም አሻገረ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰበረ። ጠላት ከወጣ በኋላም ክፍተቱ አልተደፈነም። ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ ዳር የቆሙ ጎበዞች እየሳቡት ከሥሩ ዓባይ እያገሳ ይሻገር ነበር። አንድ ትውልድ ተወልዶ በዚያ ገመድ ላይ አረጀ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የእነዚህ ሰዎች ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንዝ ገንዘብና ሰው አስተባብሮ በ2002 ድልድዩን አስጠገነ። በ2005 ግን ጎርፍ ጥገናውን ጠርጎ ወሰደው። በ2009 በአካባቢው በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ድልድይ መሥራት ግማሽ ሥራ መሆኑ ነው። ግማሹ መጠበቅ ነው። ጦርነት ድልድይ የሚሰብረው በአንድ ቀን ነው። ዝገት፣ ድካምና የመሠረት መቦርቦር ግን ዓመታት ይፈጃሉ፤ ዓመታት ማለት ደግሞ ለሚያዳምጥ ሰው ጊዜ ማለት ነው።

የማዳመጫው መሣሪያ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1880 ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳዩ። በ1950ዎቹ ከእርሳስ፣ ከዚርኮኒየምና ከታይታኒየም የሚሠራ ሴራሚክ ተገኘና ገበያውን ያዘ። ችግሩ ሁለት ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው፤ እርሳስ ደግሞ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በዚያ ላይ ሴራሚኩ ደረቅ ስለሆነ ሲታጠፍ ይሰበራል።

አሁን ተመራማሪዎች የሚሠሩት እርሳስ የሌለበት፣ እንደ ፕላስተር የሚተጣጠፍ ስስ ሴንሰር ነው። በክብ የብረት ገመድ ላይ መጠቅለል ይችላል። ድልድዩ ሲንቀጠቀጥ ምልክት ይሰጣል፤ የንዝረቱ ጠባይ ከወር ወር ከተለወጠ አንድ ነገር ላልቷል ወይም ተሰንጥቋል ማለት ሊሆን ይችላል።

ጉድለትም አለው። ምልክቱ በአብዛኛው ከባለ እርሳሱ ይደክማል። ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠ ሸክምንም በደንብ አይለካም፤ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ቶሎ ይጠፋል። ከሁሉ በላይ፣ ሴንሰር አይጠግንም። ምልክቱን የሚያነብ ባለሙያ፣ የላላውን የሚያጠብቅ እጅ፣ በየዓመቱ የሚመደብ በጀት ይፈልጋል።

እኛ ዘንድ ድልድይ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ንግግር ይደረጋል። በማግስቱ ሄዶ ብሎኑን ለሚያየው ሰው ግን አጨብጫቢ የለውም። የዓባይ ዳር ሰዎች የዚህን ዋጋ በገመድ ላይ ከፍለውታል። አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም።